ሰኢድ ለእናታችን የቆጠበው እንክብል

መጀመሪያ ያመመው ራሱን ነው። ታላቅ ወንድሜ ሰኢድ ጅዳ ውስጥ፣ ፔትሮሚን ሰፈር ባለ ጋራዥ ብየዳ ይሠራ ነበርና ከእሳቱ ነው ብሎ ናቀው። ሩዋይስ ሰፈር ወደምንኖርበት ክፍል ሲገባ ግን ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ጠየቀኝ።

ፋርማሲ ሄድን። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «ትኩሳት? ኸላስ፣ በቃ፣ ይሄን ዋጥ» ብሎ አምፒሲሊን ሰጠው። የምን ትኩሳት እንደሆነ በምን አወቀ? ይህን ስለው ሰኢድ ሳቀብኝ።

«አንተን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርንህ ሰው እንድትጠረጥር ነው እንዴ?»

ትኩሳቱ በረድ ሲልለት መዋጡን ተወ። የተረፈውን እንክብል ቋጥሮ ሻንጣው ውስጥ አኖረ፤ ወሎ ላለችው እናታችን ነው። ደርግና አማፂያኑ እየተዋጉ እዚያ መድኃኒት እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ወደ አገር የሚገባ መንገደኛ ሲገኝ፣ ከልብሱ ጋር የተረፈ እንክብል መላክ የተለመደ ነው። ለምን ሕመም እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ትኩሳቱ ተመለሰ። በመካ መንገድ ባሕራ ከተማ ወዳለ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ሙቀቱን ሳይለካ መርፌ አዘጋጀ። የመድኃኒቱን ስም ጠየቅሁት። «ጠንካራ ነው» አለኝ። ሌላ እንክብልም ጨመረለት። ሰኢድ ትንሽ ሲሻለው ያንንም ቆጠበ።

እንደገና ሲጥለው፣ መካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን እዚያው የመንግሥት ሆስፒታል አስገቡት። አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ብቻውን አስገብቶ መረመረው። ታይፎይድ ነው ብሎ ጠረጠረ። ጀርሙን አብቅሎ ለማየት ደሙን ለካልቸር ወሰደ፤ ክሎራምፊኒኮል የሚባል መድኃኒትም ጀመረለት።

ከካልቸሩ ምንም አልበቀለም። ትኩሳቱም አልወረደም። እኔ ላቦራቶሪውን ጠረጠርኩ። ሰኢድ ግን ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ይሄ ሰውዬ ሐኪም ነው ወይስ የጀዋዛት ፖሊስ? ጥያቄ ብቻ! ምን ወስደሃል ሲለኝ፣ ወላሂ ምንም አልኩት» አለኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበረውምና ያ ፖሊስ ይዞ ያባርረኛል ብሎ ይሰጋ ነበር። እንክብሎቹንም አምጣ እንዳይሉት ፈርቷል።

ሮጬ ለሐኪሙ ነገርኩት።

«የቀደመው መድኃኒት ጀርሙን ደብቆብናል፤ አልገደለውም» አለ። መድኃኒቱን ለወጠ።

የዚያኑ ቀን ሆዱ እንደ ጣውላ ጠጠረ። አንጀቱ ተበስቶ ነበር። ኦፕራሲዮን አደረጉት። አልነቃም።

ሐኪሙን፣ «ቀድመን ብንነግርዎት ይድን ነበር?» አልኩት።

«አላውቅም» አለኝ።

በዚያ ሁሉ መንከራተት ያለ ጥርጣሬ የተቀበልኩት ቃል ይህ ብቻ ነው።

ከቀብሩ በኋላ እኔንም ያው ትኩሳት ያዘኝ። ወደዚያው ሐኪም ሄጄ በአፌ የገባውን ሁሉ ነገርኩት፤ እሱም በካልቸሩ የበቀለውን ጀርም አይቶ አንድ መድኃኒት መረጠልኝ፣ ቢሻለኝም እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀኝ፣ እኔም መራመድና መብላት ከጀመርኩ በኋላ እንኳ የመጨረሻዋን ፍሬ እስክውጥ ድረስ አላቆምኩም። አላህ ይስጠው። አስታመው ያዳኑኝን የመካ ዘመዶቻችንንም።

እናንተ ዛሬ በትኩሳት የተኛችሁ፣ ጠርጥሩ። ሳይመረምር መርፌ የሚያነሣውን ጠርጥሩ። የሌላ ሰው ትራፊ እንክብል የሚያቀብላችሁን ወዳጅ፣ «ተሽሎኛል» የሚላችሁን የራሳችሁን ገላም ጠርጥሩ። ወንድሜ ግን ከሁሉም መካከል የጠረጠረው፣ ምን ወስደሃል ብሎ የጠየቀውን ሐኪም ብቻ ነበር።