የሙዚየማችን በርኖስ

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ አንኮበር፣ ጎረቤላ አስተማሪ ሆኜ እንደገባሁ የትምህርት ቤቱን ሙዚየም እንዳደራጅ ታዘዝኩ። ሙዚየም ስል አንድ ክፍል ማለቴ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው አስተማሪ ለወላጆች በዓል ብሎ ከአገሬው የጥንት ዕቃ ተውሶ ሞልቶታል። በዓሉ አለፈ፣ እሱም ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፣ ዕቃው ግን እዚያው ቀረ።

እኔ ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ደስ ይለኛል። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ፣ ባለቤቶቹ መጥተው እንዲወስዱ ተናገርኩ። ኮርቻውም፣ ጋሻውም፣ የቀንድ ዋንጫውም ወደየቤቱ ተመለሰ። ጠያቂ ያጣው አንድ ጥቁር በርኖስ ብቻ ነበር።

በየገበያው ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ያለቀ ጋቢ ለብሰው ይመጡና በርኖሱ ፊት ይቆማሉ። ጎብኚ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ አስረዳቸዋለሁ።

«ይኸውልዎ አባባ፣ ሱፉ ከጥቁር በግ ይሸለታል። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ይቺ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለችው ደግሞ…»

«አሃ! እግዜር ይስጥህ፣ ተማርኩ» ይሉና ጠርዙን ዳሰስ አድርገው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን የሽማግሌው ሚስት ብቻቸውን መጡ።

«አስተማሪው አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«ለመሆኑ የሰውየውን ልብስ ለራሱ ስታስረዳ የምትኖረው እስከ መቼ ነው?»

ዞር ብዬ በርኖሱን አየሁት።

«በሰው ፊት ‹ለልጆቹ ይሁን› ብሎ ሰጥቶ፣ አሁን እንዴት ‹መልሱልኝ› ይበል? ቆጥቋጣ እንዳይሉት ፈርቶ ነው። የልጃችንን ጋብቻ ሊዋዋል መዘዞ ይሄዳል። በዚያች ጋቢ የጣርማ በርን ብርድ ቢችለው፣ የአማቾቹን ዓይን እንዴት ይችለዋል? እኔ እንደመጣሁ እንዳትነግረው!»

ውዬ አድሬ አሰብኩበት። መልሼ ብሰጣቸው እንደማይቀበሉኝ ገብቶኛል። በገበያው ቀን ሲመጡ በርኖሱን ከግድግዳው አወረድኩ።

«አባባ፣ ሱፍ ተሰቅሎ ከኖረ ብል ይበላዋል። እየለበሰ ነፋስ የሚያስመታልን የታመነ ሰው ቸግሮናል። በውሰት ይውሰዱልን።»

«በውሰት?»

«በውሰት።»

«መቼ ልመልስ?»

«ብርዱ ሲያልፍ።»

«የአንኮበር ብርድ ደግሞ መቼ ያልፋል?»

«እሱን እንኳ ማስረዳት አልችልም» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ሳያስተካክሉት ልክ ቦታው ላይ ዐረፈ።

ከመዘዞ ሲመለሱ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፉ። በርኖሱ የመንገድ አቧራ ጠጥቷል፣ ፊታቸው ግን በርቷል።

«ተዋዋልን!» አሉኝ ከአጥሩ ማዶ። «እንግዲህ አስተማሪ፣ ውሰቱን አራዝምልኝ። ሠርጉ ገና ነው።»

አራዘምኩላቸው። ግድግዳው ላይ የቀረውን ባዶ ምስማርም ሳልነቅለው ተውኩት።