የአቶ ግርማ አረንጓዴ ገንዳ

አዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ማዘጋጃ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አቶ ግርማ የሚባሉ ባለሙያ ረጅም የእንጨት መቅዘፊያ አስጨበጡኝ። ዘመኑ ደርግ ነበር።

«ይህ ገንዳ እንዳይረጋ» አሉኝ። «ከረጋ ይሞታል።»

ገንዳው ውስጥ ያለው ለዶሮ መኖ እንዲሆን ከምፅዋ በጠርሙስ የመጣ የባሕር አልጌ ነው፤ አንዱ ለብቻው በዓይን አይታይም። ወይዘሮ ላለምቴ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጠቡበትን ውሃ በጨርቅ አጥልለን ደሙንና ቅርፊቱን እናስቀራለን፤ አፍልተን እናቀዘቅዛለን፤ እንደ ባሕር ውሃ እስኪከብድ ጨው እንጨምራለን። አልጌው የሚያድገው በዚያ ነው።

ሰንብቶ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ባሕር በሌለበት ከተማ ባሕር ባሕር ይሸት ጀመር። ለዓሣ ሆድ ዕቃ የሚሻሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ወደዚያ ገንዳ ድርሽ አይሉም። ራቅ ብለው ቆመው ዝም ብለው ያዩታል።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ታጣቂዎች መጥተው አቶ ግርማን ወሰዷቸው። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ካፖርታቸው ገንዳው አጠገብ እንደተሰቀለ ቀረ።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጠራኝ። «የገንዳው ሥራ ቆሟል። የነካው ሰው ከእሱ ጋር ይቆጠራል።»

«እሺ፣ ጓድ» አልኩ። የገንዳውን አጥር በር ቆልፌ ቁልፉን አስረከብኩ።

በሦስተኛው ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ውሃው መጥቆር ነበረበት፤ አረንጓዴ ነው። ቀስ ብሎ ይዞራል። መቅዘፊያው ረጥቧል። ካፖርቱ የለም። በሩ እንደተቆለፈ ነው።

ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ጎህ ሲቀድ ሲማሰል እሰማለሁ፤ ሰው ግን አላየሁም» አለና አማተበ። «ሰውየው ሞተዋል መሰለኝ።»

በማግስቱ ማለዳ በሐይቁ በኩል ደንገል ውስጥ ተደበቅሁ። ጉም ነበር። ከጉሙ ውስጥ የአቶ ግርማ ካፖርት ብቅ አለ፤ ወደ ገንዳው ሄዶ ማማሰል ጀመረ። ከደንገሉ ወጣሁ።

«አቶ ግርማ?» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። ዓሣ የሚያጸዱት ወይዘሮ ላለምቴ ነበሩ። ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ረጥቧል፤ አጥሩ ሐይቁ ውስጥ በሚያልቅበት ዞረው ነው የገቡት።

«እትዬ፣ ይገድሉዎታል!»

«ግርማ ከረጋ ይሞታል አላለም እንዴ?» አሉ፣ እጃቸውን ሳያቆሙ። «ደክሞኛል። አንተ ያዝ።»

ያዝኩ። ከዚያ ወዲያ እየተፈራረቅን አማሰልን። አቶ ግርማ አልተመለሱም። አልጌው ክረምት እስኪገባ ቆየ፤ ጎርፍ ገንዳውን ሞልቶ ጨዉን ሲያጥበው ሞተ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው አንድ ነው፤ ተረኛ ሳትተኩ ገንዳ ትታችሁ አትሂዱ። እኔ ሦስት ቀን ትቼ ሄጃለሁ።