የዕድሩ ድንኳን በናዳው ሐይቅ ላይ

ቀጨኔ፣ ጎሕ ሲቀድ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ዕድራችን ከየቤቱ አንድ ወንድ ይውጣ ብሎ ስላዘዘ ወንዙ ዳር ካለችው ቤቴ ሳይነጋ ወጣሁ። ሚስቴና ሁለቱ ልጆቼ ተኝተዋል። የምንሄደው ከእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለውን ሐይቅ ልናፈስ ነው። ባለፈው ክረምት ተራራው ተንዶ ወንዙን ዘጋው፤ ከናዳው ጀርባ ውሃ ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ። ዳክዬ መጣ፣ የተፈጥሮ ተቆርቋሪ መጣ፣ ፎቶ አንሺ መጣ። ናዳው ቢፈርስ ውሃው የሚወርድበትን ሰፈር ሊያይ የመጣ ግን የለም።

የዕድራችን ዳኛ ሸማኔው ጋሽ ዳምጤ ናቸው። ዕቃ ቤት ጠባቂውን «የዕድሩን ዕቃ አምጣ» ብለውታል። መቃብር የምንቆፍርበትን አካፋና ዶማ ማለታቸው ነበር። እሱ የለቅሶውን ድንኳንም ተሸክሞ መጣ።

«ድንኳኑ ምን ሊያደርግልን?» አሉት ጋሽ ዳምጤ።

«ዕቃ አሉኝ፣ ዕቃ አመጣሁ። ደግሞ ዝናብ ነው።»

ሽሮ ሜዳ

የታክሲው ወያላ ድንኳኑን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ነፍስ ይማር። ማን ነው የሞተው?»

«እስካሁን ማንም» አልኩት።

«እንግዲያው ለድንኳኑም ሂሳብ ክፈሉ፤ የሰው ቦታ ይዟል።»

ሽሮ ሜዳ ወረድን። የሀገር ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ሻይና ቦንቦሊኖ ቆመን ቀመስን። ጉሙ ተራራውን ውጦታል።

ሐይቁ

ዳገቱ ጭቃ ነው፤ ባሕር ዛፍ እየያዝን ወጣን። ውሃው ድንገት ፊታችን ተዘረጋ፤ ጥቁር፣ ዝም ያለ፣ መሀሉ ላይ የደረቁ ዛፎች የቆሙበት። ዙሪያውን የወይራና የኮሶ ችግኝ ተተክሏል። ውሃው የናዳውን አፈር አናት ሊያልፍ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ቆርቆሮ ላይ ጽሑፍ አለ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

«ይህን አፈር መቆፈር ክልክል ነው።»

«አንብበህ ጨረስክ? በል ቆፍር» አሉኝ ጋሽ ዳምጤ። ሰው ሳቀ። ቆፈርኩ።

የሐይቁ ጥበቃ እትዬ አለሚቱ እየሮጡ መጡ። «ኧረ በማርያም! አፈር እኮ ነው! ውሃው መንገድ ካገኘ ራሱ ይቆፍራል። የክፍለ ከተማው ሰዎች በቱቦ ቀስ አድርገው ሊያጎድሉት ነው፤ ቱቦው ይመጣል።»

«ይመጣል ካሉ ከረሙ። እርስዎ ምን ቸገረዎት? ቤትዎ ከታች አይደለም» አሏቸው ጋሽ ዳምጤ።

«የልጄ ቤት ከታች ነው።»

ዶማዬን አቆምኩ። ሌሎቹ አላቆሙም።

ቦዩ ተከፈተ። መጀመሪያ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ፤ ሰው አጨበጨበ። ወዲያው ደፈረሰ። ዳርና ዳሩ ይናድ ጀመር። የስንዝሩ ቦይ ዓይናችን እያየ ክንድ ሆነ። ድንጋይ ጣልንበት፤ ጠረገው። ሚስቴ ጋ ደወልኩ። «ልጆቹን ይዘሽ ወደ መድኃኔዓለም ውጪ። አሁን አትጠይቂኝ። ጎረቤቱንም ቀስቅሺ።»

«ድንኳኑን!» ብለው ጮኹ እትዬ አለሚቱ። «በውሃው በኩል ዘርጉት!»

ጋሽ ዳምጤ አመነቱ። «የለቅሶ ድንኳን እኮ ነው።»

«ታዲያ ለማን ሊተክሉት ነው የሚያስቀምጡት? ለኔ ልጆች?» አልኳቸው።

ከዚያ ቀድመውን ገቡ፤ ጋቢያቸውን እንኳ አላወለቁም። እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ገብተን ጫፍና ጫፉን ዘረጋን። ውሃው ራሱ ሸራውን ስቦ የቦዩ አፍ ላይ ለጠፈው። ድንጋይና አፈር ጫንንበት። ቦዩ አንጠባጠበ፤ ቆመ።

መልስ

ልብሳችን እየተንጠባጠበ እስከ ሽሮ ሜዳ ወረድን። ያው ወያላ አገኘን። «ድንኳናችሁስ?»

«ተከልነው።»

ሚስቴ ከነልጆቹ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጣለች፤ ያዳነችው ዕቃ አንድ ፍራሽ ነው። «ጨረሳችሁ?» አለችኝ።

አልጨረስንም። ውሃው እዚያው ነው፤ ቱቦው አልመጣም። ቱቦ አለን የሚሉ ይህን ካነበቡ አሁኑኑ ያምጡት። እስከዚያው በሰፈራችን የሚሞት ካለ በፀሐይም በዝናብም ሜዳ ላይ ይለቀስለታል። ድንኳናችን ሥራ ላይ ነው።