የአደይ ለተ ኩሽና መተንፈሻ

ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው «ጎረቤቴን በድያለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ምን እንዳደረግሁ፣ ማን ፊት እንደዋሸሁ አልተናገርኩም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ እኔም አለመጠየቃቸውን እንደ ይቅርታ ቆጥሬ ወጣሁ። ዝርዝሩን ከሰው ሁሉ በፊት የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

መምህር ነኝ፤ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ስለዚህ ነገሩ እንዲገባችሁ አስቀድሜ ስለ ቤቱ ላስረዳ።

ኖርዌይ፣ ጋምለ ኦስሎ በሚባል የኦስሎ ሰፈር ውስጥ ያለ የጥንት የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል፤ አራት ባለቤቶች ተከፋፍለን እንኖርበት ነበር። ግማሹ መሬት ውስጥ የገባው የታችኛው ቤት የአደይ ለተ ነው። አደይ ለተ ኤርትራዊት ናቸው፤ «አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው እዚሁ ካደግሁት ከእኔ ይበልጣል። ሄልስፊር ያሉ ቢሮዎችን ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤቱን የገዙት በዚያ ጉልበት ነው። ከእሳቸው በላይ እኔ ነበርኩ፤ ብቻዬን የምኖር፣ ማስተማር ገና የጀመርኩ፣ መጻሕፍቴን በቁመታቸው የምደረድር ሰው።

ቤቱን ለማደስ ስንነሣ ትልቁ ጥያቄ የአየር ጉዳይ ነበር። አዲሶቹ መስኮቶች ትንፋሽ አያሳልፉም። እርጥበቱ በምን ይውጣ? አንዱ ምርጫ ለየቤቱ የአየር ማሽን ማስገባት ነው። ሌላው የጥንቱን መንገድ እንዳለ መያዝ ነው፦ ንጹሕ አየር እዚህ ቬንቲል በምንላቸው ትንንሽ የግድግዳ ቀዳዳዎች ይገባል፤ የሞቀውና የረጠበው ደግሞ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ በግድግዳው ውስጥ በተዘረጋ ቦይ ይወጣል። ቦዩ በየኩሽናው አንድ አፍ አለው። እኔ በቀይና በሰማያዊ ቀስት ሥዬ አስረዳሁ። «ሞቃት አየር ወደ ላይ ይሄዳል፤ መንገዱ እስካልተዘጋ ድረስ ቤቱ ራሱ ይተነፍሳል» አልኩ። ሁሉም በእኔ ቃል የጥንቱን መረጡ። አደይ ለተ አጨበጨቡልኝ።

ይህን የተናገርኩ እኔ ነኝ። መንገዱን የዘጋሁትም እኔ ነኝ።

ለምን? የአደይ ለተ ቁሌት ሽታ በዚያው ቦይ ወጥቶ በእኔ ኩሽና አፍ ይገባ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «መምህር፣ ወጤን በአፍንጫህ ጨረስክብኝ እኮ! ውረድና በአፍህ ብላው እንጂ» ይሉኛል። አብሬያቸው እስቅ ነበር። አንድ ጠዋት ግን አንዱ ተማሪ ካፖርቴን አሽትቶ «ላረር፣ ዛሬ ምሳህን ለብሰኸው መጣህ?» አለኝ። ላረር የሚሉት መምህርን ነው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም አፈርኩ፤ እናቴ ባሳደገችኝ ምግብ ሽታ አፈርኩ።

የኩሽናዬ ግድግዳ በእድሳቱ ምክንያት ገና ክፍት ነበር። ለግድግዳ ሙቀት መያዣ ከተገዛው ጥጥ ወሰድኩና ቦዩን ጠቀጠቅሁት። ልብ በሉ፤ የራሴን አፍ ብቻ መክደን እችል ነበር። ያን ባደርግ ግን የእኔም ኩሽና አየር መውጫ ያጣል። ስለዚህ ከእኔ አፍ ዝቅ ብዬ ደፈንኩ። የእኔ መተንፈሱን ቀጠለ፤ የእሳቸው ታፈነ። አላወቅሁም ልበል? ቀዩን ቀስት የሣለው ማን ሆነና?

በረዶው ሳያልፍ በአደይ ለተ መኝታ ቤት ጥግ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። ቀጥሎ ሳል ጀመራቸው። ሲስሉ በወለሌ በኩል ይሰማኛል። እየሰማሁ ፈተና አርማለሁ። ጥጡን ማውጣት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን አዲስ የተለሰነውን ግድግዳ መስበር፣ ከዚያም «ለምን ሰበርከው?» ለሚለኝ ሰው መልስ መስጠት ነበረብኝ። አላወጣሁም።

ባለቤቶቹ ተሰበሰቡ። የአደይ ለተ ኖርዌጅኛ ለገበያና ለሥራ እንጂ ለስብሰባ አይበቃምና አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ። ሰብሳቢዋ በትሕትና «ቬንቲሎቹን ዘግተዋቸው ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው።

«እኔ? ኧረ በማርያም!» አሉ። «እንደ ሕፃን አፍንጫ ነው የምጠርጋቸው። ይልቅ እንዲህ በላቸው ወደይ፣ ልጄ፤ ቤቱ ከታደሰ ወዲህ የኩሽናዬ እንፋሎት መውጫ አጥቷል። ቦዩን ይዩልኝ በላቸው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በጠራ ኖርዌጅኛ፣ ፈጠን ብዬ፣ «በእኛ አገር ትልልቅ ሰዎች ንፋስ ይፈራሉ» አልኩ። «አውቶቡስ ውስጥ በሙቀት እየተቃጠሉ እንኳ መስኮት አያስከፍቱም። እሳቸውም ብርዱ ሲጠናባቸው ቀዳዳውን አንዳንዴ በጨርቅ እንደሚደፍኑት ነው የሚናገሩት።»

የአውቶቡሱ ነገር እውነት መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ። የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ውሸቴን በእናቶቻችን ልማድ ጠቀለልኩት። ሰዎቹ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አደይ ለተ ይህን አይተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ተባረክ፤ ገባቸው!» አሉኝ።

ቦዩን ማንም አላየውም። ግድግዳው ታጥቦ ተቀባ። «ልብስ ቤት ውስጥ አያድርቁ፣ ውኃም ብዙ አያፍሉ ብለዋል» አልኳቸው። እንዳልኳቸው አደረጉ። ሻጋታው ተመልሶ መጣ፤ ሳሉም ባሰ። ሐኪሙ ከዚያ ቤት ይውጡ አለ። ሸጠው ሆልምሊያ፣ ልጃቸው ሳባ ዘንድ ገቡ።

አዲሶቹ ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ግድግዳዬን ሰብሬ ጥጡን አወጣሁ። የታችኛው ቤት ደረቀ፤ ሻጋታው ዳግመኛ አልታየም። ጎረቤቶቹም «አያችሁ? ቤቱ ምንም አልነበረበትም፤ የአኗኗር ጉዳይ ነው» አሉ፤ ወሬው አደይ ለተ ዘንድም ደረሰ። ጥፋቴን ሳርም ውሸቴን እውነት አደረግሁት።

ባለፈው ጥር ልጠይቃቸው ሆልምሊያ ሄድኩ። ሳሎኑ ካፖርት አያስወልቅም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አደይ ለተ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«ኔይ፣ አይ ማማ፣ ደግሞ ከፈትሽው?» ብላ ሳባ ከኩሽና ጮኸች። «እዚህ ማሽን አለ እኮ! አየሩን ራሱ ያወጣዋል! ልትገድዪን ነው በብርድ?»

«አትንኪው» አሏት። «የእኔ ትንፋሽ ግድግዳ ያበሰብሳል። ያን የመሰለ የድንጋይ ቤት አበስብሼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የአንቺን ደግሞ ልድገም?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር ምስክሬ ነው። ያን ቀን ብቻውን ተከራከረልኝ። ምን ያድርግ፣ ጥፋቱ የእኔ ሆነበት እንጂ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን ስለ ማሽኑ ነው፤ ንጹሑ አየር በየት እንደሚገባ፣ የረጠበው በየት እንደሚወጣ፣ ማጣሪያው መቼ እንደሚለወጥ ለሳባ አስረዳሁ። አደይ ለተ በኩራት እያዩኝ «ወይ ትምህርት!» አሉ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ስለተሳቀብኝ ነው አልልም። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ የተበደሉት እናንተ አይደላችሁም። አደይ ለተ በዚህ ብርድ መስኮት ከፍተው ተቀምጠዋል፤ እንዲዘጉት ሊያሳምናቸው የሚችል ሰው ደግሞ ከእኔ በቀር የለም። ይህን ማወቄ ሆልምሊያ ሊወስደኝ ሲገባ ወረቀት ፊት አስቀመጠኝ። ለእናንተ መናገር ለእሳቸው ከመናገር ይቀላል። ዛሬም ቀላሉን መረጥኩ።