ከግንቡ ስር የወጡት ድንጋዮች

የመጨረሻው ደህና ቀን ሐሙስ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት የመጡ አንድ መምህርና አራት ተማሪዎች ይዞ ወደ ድንጋዩ ከተማ ወጣ። እኔም ተከተልኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

የድንጋዩ ከተማ የምንለው ከመንደራችን በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን ፍርስራሽ ነው። በይፋት ሱልጣኖች ዘመን ሰው ይኖርበት ነበር። አሁን ቁልቋልና ግራር በቅሎበታል። ከመስጊዱ ሦስት ግድግዳ ቆሟል፤ ኢማሙ የሚያሰግድበት ሚህራብ ሳይፈርስ አለ። ዝቅ ሲባል የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የቤቶቹ መሠረት፣ በግድግዳው ውስጥ ኩራዝ ይቀመጥባቸው የነበሩ ጎድጓዳ ቦታዎች ይታያሉ። በምዕራብ በኩል ደግሞ የከተማው ግንብ አለ። የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ይሆን ነበር።

ወንድሜ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ግን ለጥናት የመጣውን ሁሉ እየተከተለ፣ ሽማግሌ እየጠየቀ፣ ያንን ቦታ እንደ ቤቱ አወቀው። የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ይሄን ነው የምወድለት። መምህሩ ማን እንደ ገነባው ሲጠይቀው የሱልጣኖቹ ሰዎች ናቸው አለው፤ ከባህር ጨውና ጨርቅ ጭኖ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ በዚህ በታች ያልፍ እንደነበርም ነገረው። ስንት ሰው ይኖርበት ነበር ሲለው አላውቅም አለ። መምህሩ ጻፈ። አላውቅም ያለውንም የጻፈ መሰለኝ።

ስንወርድ ጎረቤታችንን ግንቡ ስር አገኘነው። እስከዚያ ሳምንት አንቱ ነበር የምለው። አሁን ስጽፍ አልቻልኩም። ሁለት አህያ ይዟል። ልጁ ሊያገባ ስለሆነ ቤት እየሠራለት ነበር። ትልቁና ደህና ሆኖ የተጠረበው ድንጋይ ያለው ከግንቡ ስር ነው፤ ስለዚህ የኛ ሰው ከስር በድጅኖ ይነቅላል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ከወረዳ መጥተው ጥበቃ ይቀጠርለታል ብለው የሄዱ ነበሩ፤ አልተቀጠረም።

"ጋሼ፣ ዛሬም የሱልጣኑን ቤት ጫኑት?" አለው ወንድሜ።

"ሱልጣኑ ዝም ያለኝን አንተ ምን አግብቶህ ነው?" አለና ሳቀ። "ለሠርጉ ስትጠራ ይሄንኑ ድንጋይ ተደግፈህ ነው ሥጋ የምትበላው።"

ወንድሜም ሳቀ። ግን ጎንበስ ብሎ እጁን ድንጋዩ ከተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ ከተተ። እስከ ትከሻው ገባ።

"ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ ከላይ የወደቀውን ይውሰዱ። ይሄ ግንብ አሁን የቆመው በልማድ ነው።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። ጎረቤታችን አህዮቹን ነዳ።

አርብ ጠዋት ወንድሜ ያንን ጉድጓድ ሊሞላ ወጣ። ከጁምዓ በፊት እመለሳለሁ ብሎ ነበር። እኔ ተኝቼ ነበር። ና አላለኝም። ወይም ብሎኝ አልሰማሁም። ግንቡ ወደቀበት። እንጨት ሊለቅሙ የወጡ ሴቶች ድምፁን ሰምተው ጮኹ። ስንደርስ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር። ድንጋዩን በእጃችን እያነሳን አወጣነው። ሞቷል። ከአሱር ሶላት በኋላ ቀበርነው።

ከቀብር መልስ ወንዶቹ ግቢያችን ተቀመጡ። መናደድ የጀመርኩት እዚያ ነው። አንዱ ቦታው ባለቤት አለው አለ። ሌላው በትዕቢታቸው አላህ ያጠፋቸው ሰዎች አገር ነው፣ ጅን ይጠብቀዋል፣ እንግዳ እያመጡ ፍርስራሹን ማስለካት ደግ አይደለም አለ። ጎረቤታችን መሃል ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

"ስንቴ መከርኩት" አለ። "ጅኑ መነካካት አይወድም አልኩት። አልሰማኝም።"

መቼ ነው የመከረው? ሐሙስ እዚያው ነበርኩ እኮ። ድንጋይ የሚነቅለውን ጅኑ ዝም ይለዋል፤ ድንጋይ የሚመልሰውን ይገድላል። ምን ዓይነት ጅን ነው? ይሄን ልናገር ነበር። ግን ሲከፋኝ ቃል አይመጣልኝም፤ ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነበርኩ። አባቴ የአላህ ውሳኔ ነው አለ። ሰዎቹ ሁሉ ነው ነው አሉ። ውሳኔውማ የአላህ ነው። ድጅኖው ግን የሰው ነው።

ሌላም አለ። አምና የፍየሎቹን በረት ስሠራ ለበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ድንጋይ ከዚያው ግንብ ስር ነቅያለሁ። ወንድሜ አይቶ አልተቆጣኝም። ሁለተኛ ከዚያ እንዳታመጣ ብቻ አለኝ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ጎረቤታችን ግን ያውቃል። ስጭን አይቶኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ድጅኖ ይዤ መጀመሪያ ወደ በረታችን ሄድኩ። ሁለቱን ድንጋይ ነቀልኩ። በሩ ዘመመ፣ ፍየሎቹ ወጡ። እናቴ ከለቀስተኞቹ መሃል ተነስታ ምን ሆንክ አለችኝ። የግንቡ ናቸው፣ ልመልስ ነው አልኳት። ትንሽ አየችኝና ፍየሎቹን ራሷ ሰበሰበች።

ከዚያ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። ለልጁ የሚሠራው ቤት ግድግዳ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

"ምን ልትሠራ ነው?" አለኝ።

"ድንጋዩን ልወስድ ነው። ጅኑ ልኮኝ ነው።"

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። "ያንተም በረት አለ እኮ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው።

"አፍርሼው ነው የመጣሁት።"

ልጁ ከውስጥ ወጥቶ እጄን ሊይዝ ሲል፣ አባቱ ተወው አለው። አዝኖ ይሁን አፍሮ አላውቅም። ማወቅም አልፈለግኩም። የማዕዘኑን ድንጋይ ነቀልኩ። ግድግዳው እንዳለ ተናደ።

የማዕዘኑን ድንጋይ በጀርባዬ አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ። አምስት ጊዜ አረፍኩ። ወንድሜ የወደቀበትን ቦታ ዞሬ አለፍኩት። ካልፈረሰው የግንቡ ክፍል ስር ሌላ ጉድጓድ አለ፤ ማን እንደቆፈረው አላውቅም። ድንጋዩን እዚያ አስገባሁና በእግሬ ገፋሁት። ጉድጓዱ ግማሹም አልሞላም። ሁለተኛውን፣ የበረታችንን፣ ላመጣ ወረድኩ።