ከዱባይ ዶሃ አንድ ሰዓት

ጠርጣራ ሰው ነኝ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን እላለሁ። ስለዚህ ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር የሚልክ አንድ ደላላ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ሲጋብዘኝ፣ ዓይኔ ሻዩ ላይ ሳይሆን ደላላው ላይ ነበር። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ የተሻለ አሠሪ ተገኝቶላት ወደ ዶሃ ልትዛወር ነው አለኝ።

«በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ብትሆን ነው። አንተ ከዚህ ወልድያ እስክትደርስ እሷ ወርዳ ሻንጣዋን ትይዛለች።»

ቤት ገብቼ በስልኬ ፈተሽኩ። እውነቱን ነው፤ አንድ ሰዓት ከትንሽ። ልክ መሆኑ ራሱ አናደደኝ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ብዬ ለአባቴ ብነግረው፣ «ሰውን ሁሉ ሌባ አታድርግ» ብሎ ገሠጸኝ።

አባቴ በጉልምስናው ከአፋሮች ጋር በግመል ሲነግድ የኖረ ነው። ከእነሱ የወረሰው ዳጉ የሚባል ልማድ አለው፤ ከመንገድ የመጣ ሰው ያየውን ሁሉ ከመነሻው ጀምሮ ሳይናገር አያልፍም። እኛ ልጆቹ ከጎብዬ ገበያ ስንመለስ እንኳ ማንን አገኘህ፣ የት ዘነበ፣ ፀሐይ የት ላይ ሳለች ተነሳህ እያለ ያደርቀን ነበር። እኔና እህቴ ዞር ብለን እንሥቅበታለን።

በበረረች በማግሥቱ ከማላውቀው ቁጥር ደወለች። «ዶሃ ደርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ» አለች። ከወረቀት የምታነብ ትመስላለች። አጠገቧ ወንድ ያስላል። ሰውየው እየሰማ ምን ብዬ ልጠይቃት? አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

«አብሽሪ ልጄ። እስቲ መንገዱን ንገሪኝ።»



«በቀትር ተነሳን አባ። ምሳ አበሉን። ባሕር አለፍን። ፀሐይ በአውሮፕላኑ ጭራ በኩል ገባች። ከዚያ ደግሞ እራት አበሉን። ስንወርድ ዝናብ ነው፤ ሲነጋ ባየው አገሩ ሁሉ ለምለም። እንደ ቤታችን ወግ ነው የነገርኩህ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ዶሃ ስንት ሰዓት ነበር ያልከኝ?»

«አንድ።»

ከዘራውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። እኔ አፈርኩ። ያን ሁሉ ስጠረጥር ከርሜ፣ መጠየቅ የነበረብኝን አንዲት ጥያቄ አላወቅኳትም።

የደላላው ስልክ ዝግ ነው። በባጃጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው ብዕሩን አንሥቶ የእህቴን አድራሻ ጠየቀን። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ።

«ከዱባይ በቀትር ተነሥታ፣ ፀሐይን ወደ ኋላ ትታ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለት ጊዜ እስኪበላ የሚያስሄድ። ዝናብ ያለበት አገር ነው» አለ። «ይህንኑ ጻፍልኝ።»