በሰው አገር መሪዎች የተኳረፍንበት ሰሞን

ቅጹ በኢሜይል የደረሰኝ የፈተና እርማት ወገቤን በያዘኝ ሰሞን ነበር። ስድስት ኪሎ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የውጭ አገር ተመራማሪዎች አስተያየቴን ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያለን ምሁራን የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ እንድናስቀምጥላቸው ነው የፈለጉት። ስሞቹ በተርታ ተደርድረዋል፤ ከያንዳንዱ አጠገብ ባዶ ሳጥን አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ የተሰማኝ ግን ሌላ የሚታረም ወረቀት እንደተጨመረብኝ ነው።

አትሜው ወደ ፒያሳ ወረድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሁለት ሰዎች ጋር ማኪያቶ የመጠጣት ልማድ አለኝ። አንደኛው ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ታሪክ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰማንያን አልፈዋል። ሁለተኛው የወሎ ሰው ነው፤ የጋብቻ ቀለበቴን የሠራልኝ ወርቅ ሠሪ። ሱቁ ያለበት ቤት ከፈረሰ ወዲህ ቸርችል ጎዳና ላይ ፎቅ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዟል።

መምህሬ መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን አነበቡት።

"መለኪያው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አመራር፣ ኢኮኖሚ፣ የውጭ ግንኙነት ይላል።"

"የውጭ የሚሉት እኛን ነው" አሉና ባሮቹን ነጻ ያወጣውን ያለ ክርክር አንደኛ አደረጉት። ሁለተኛው ላይ ስንከራከር ወርቅ ሠሪው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

"በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ የነበረው የቱ ነው?"

በጣቴ አሳየሁት።

"እሱን አንደኛ አድርጊልኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የበላሁት የእነሱን ስንዴ ነው። ታናሽ እህቴ ግን የእህሉ መኪና ሳይደርስላት ቀረች።"

ይህን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። መምህሬ ግን ክርክር ከያዙ መተው አይሆንላቸውም።

"ስንዴውን ያስላከው በቴሌቪዥን አይቶ ያለቀሰው ሕዝብ ነው። ያውም ዘግይቶ። ሰውዬው ፈረመ እንጂ ምን አደረገ?"

"መፈረሙም አንድ ነገር ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?"

መምህሬ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ የት እንደነበሩ አውቃለሁና። ወርቅ ሠሪው ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያም በኋላ ባለው ቀረ። ስደውልለት "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይለኛል። ሥራ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን።

"አንቺ ታስታውሻለሽ" አሉኝ መምህሬ፣ ባዶውን ወንበር እያዩ።

"አስታውሳለሁ።"

በዚያው በሰባ ሰባት መስከረም፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር መምህሬ ሰልፍ ያለማምዱን ነበር። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከፊተኛው ረድፍ ነበርኩ። ስለ ረሃቡ አንዳንድ ነገር ሰምተን ነበር፤ ማንም አልጠየቀም።

"ወደ እሱ ውሰጂኝ" አሉ።

የሕንጻው ሊፍት አይሠራም። ሦስት ፎቅ ክንዴን ይዘው እያረፉ ወጡ። ወርቅ ሠሪው ሲያየን ደነገጠ፤ የጋዝ እሳቱን አጥፍቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። መምህሬ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና፣ "የት ነበሩ ብለኸኛል። እዚሁ አዲስ አበባ ልጆች ሰልፍ ሳለማምድ ነበርኩ። ይቺንም ጭምር" አሉት።

ወርቅ ሠሪው በእጁ የያዘውን ቀለበት አገላብጦ አየው።

"ተናድጄ ነው ያልኩት፣ ጋሼ። መልስ ፈልጌ አልነበረም።"

"መልሱ ግን ይኸው ነው።"

"እህቴን ሰልፍ አልገደላትም" አለ። ቀለበቱን አስቀምጦ፣ "ግን ስላልዋሹኝ ደስ ብሎኛል።"

ሻይ አስመጣልን። ሦስታችንም ጠጣን።

በማግስቱ ቅጹን ሞላሁት። አንደኛ ላይ መምህሬ ያሉትን ተውኩ። የስንዴውን ዘመን ሰው መካከል ላይ አስቀመጥኩት፤ ሁለቱንም የሚያስደስት እንዳልሆነ እያወቅሁ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ የሚያስረዳ ክፍት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም፤ ቢኖርም የምጽፈውን አላውቅም። ልኬው ወደ ፈተና ወረቀቶቼ ተመለስኩ።

ከወራት በኋላ ውጤቱ ወጣ ብለው ላኩልኝ። ከፍቼ ጥቂት ገጽ አየሁና ዘጋሁት። ወርቅ ሠሪው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ከመምህሬ አጠገብ ይቀመጣል። ሁለቱም ስለ ደረጃው ጠይቀውኝ አያውቁም። የምናወራው ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ውኃ መጥፋት ነው።